የተኛ አንጎል የሚሰማውና የማይሰማው

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

በዚህ የክረምት ምሽት ዝናቡን ችላችሁ ስለ እንቅልፍ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ያሰኘኛል። በንግግሬ መካከል የሚያሸልብ ሰው ቢኖር አልቀየምም፤ እንዲያውም ለርእሰ ጉዳዬ ጥሩ ማስረጃ ይሆነኛል።

ያደግሁት እዚሁ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የልጅነቴ ሌሊት ጸጥታ የሚያውቅ አልነበረም። ከአጥራችን ወዲያ ጅብ ይጮኻል፤ የሰፈሩ ውሾች ይመልሱለታል። በግቢያችን ተከራይተው የሚኖሩ ሸማኔዎች ለበዓል የታዘዘ ሥራ ሲደርስባቸው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይሸምናሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፤ ቆየት ብሎ አዛን ይከተላል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ለማገዶ ወደ እንጦጦ የሚወጡ እናቶች እየተነጋገሩ በበራችን ያልፋሉ።

እናቴ ይህ ሁሉ ድምፅ እያለ እንቅልፏን ትተኛ ነበር። ታናሽ እህቴ ጨቅላ ሳለች ግን፣ ገና ለማልቀስ ስትነጫነጭ እናቴ ተነሥታ ተቀምጣለች። አባቴ በበኩሉ የሕፃን ልቅሶ አይቀሰቅሰውም፤ የግቢው በር መቀርቀሪያ ኮሽ ሲል ግን ከማናችንም ቀድሞ ከአልጋው ይወርዳል። ሁለቱ የተኙት በአንድ ክፍል ነው፤ በጆሯቸው የሚገባውም ድምፅ አንድ ነው። የሚሰሙት ግን የተለያየ ነበር።

ሁለተኛውን ትዝታ ሳላነሣ ባልፍ እወድ ነበር፤ ወደዚህ ሙያ የገፋኝ እርሱ ስለ ሆነ ግን ልነግራችሁ ይገባል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች በግቢያችን የኋላ ክፍል ተከራይተው ይሸምኑ ነበር። ታላቁ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላው አይመስለኝም። በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ብርዱ ሲጠናባቸው ቡና የፈላበትን የከሰል ማንደጃ፣ «ጭሱን ጨርሷል» ብለው፣ ወደ ክፍላቸው አስገቡና በሩን ዘግተው ተኙ። ጠዋት የሽመናው ድምፅ ባለመሰማቱ እናቴ «ሂድና ቀስቅሳቸው» አለችኝ። በሩን መታሁ፤ ስማቸውን ጠራሁ፤ ደጋግሜ ጠራሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ በሩ ሲሰበር ታናሹ አየር አግኝቶ ነፍስ ዘራ። ታላቁ አልተነሣም። የተረፈው ልጅ ከቀናት በኋላ ለእናቴ የነገራት አንድ ነገር እስካሁን በጆሮዬ አለ፦ «ምንም አልሰማሁም። ሕልም እንኳ አላየሁም» ነበር ያላት።

እነዚያ ልጆች ሌላ ሌሊት ቢሆን በራቸው ሲንኳኳ ይነቁ ነበር፤ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ይሉ ነበር። ታዲያ ኮሽታ የሚቀሰቅሰው ሰው ሞት አጠገቡ ሲመጣ ለምን አይነቃም? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድመን የተኛ አንጎል ምን እንደሚሰማ ማወቅ ይኖርብናል።

ጆሮ ክዳን የለውም

ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ የለውም። ስንተኛ የድምፅ ሞገድ እንደ ወትሮው የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ የውስጥ ጆሮም ወደ ነርቭ ምልክት ይለውጠዋል። ልዩነት ካለ ከዚያ በኋላ ነው።

ለረጅም ዘመን የነበረው እምነት እንቅልፍ የስሜት ሕዋሳት መዘጋት ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ቤልጅየማዊው ፍሬደሪክ ብሬመር የድመትን የላይኛውን አንጎል ከታችኛው የአንጎል ግንድ ቆርጦ ሲለየው፣ የላይኛው ክፍል በእንቅልፍ ሞገድ ውስጥ ሲቀር አየ። ስለዚህ እንቅልፍ ማለት ከውጭ የሚመጣ መልእክት መቋረጥ ነው ብሎ ደመደመ። በ1949 ግን ጁሴፔ ሞሩትሲና ሆረስ ማጎን በአንጎል ግንድ መካከል የሚገኘውን መረብ መሰል የነርቭ ክምችት በኤሌክትሪክ ሲያነቁት፣ የተኛ የሚመስለው አንጎል የንቃት ሞገድ ማሳየት ጀመረ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ንቃት የውጭው ዓለም ጫጫታ ብቻ የሚፈጥረው ነገር አይደለም፤ አንጎል የራሱ መብራት አለው፤ መብራቱን የሚያበራና የሚያደበዝዝ የራሱ ሥርዓትም አለው። ስንተኛ የቤቱ መብራት ይደበዝዛል እንጂ በሩ በጡብ አይደፈንም።

መብራቱ በአንድ ጊዜ አይደበዝዝም። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 ከሰው ራስ ቆዳ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዝግቦ ካሳተመ በኋላ፣ እንቅልፍ ደረጃ ያለው መሆኑ ታወቀ። መጀመሪያ ሽልብታ አለ፤ ቀጥሎ ቀላል እንቅልፍ፤ ከዚያም ትልልቅና ዝግ ያሉ ሞገዶች የሚታዩበት ጥልቅ እንቅልፍ። በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በቺካጎ ሌላ ደረጃ ጨመሩ፤ ዓይን ከክዳኑ በታች በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ። ይህ ዑደት ዘጠና ደቂቃ ያህል እየፈጀ በአንድ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ይመላለሳል።

ለእኛ ጥያቄ ከሁሉ የሚጠቅመን ግን በ1930ዎቹ አልፍሬድ ሉሚስ የተባለ ባለጸጋ ኒው ዮርክ አጠገብ በነበረው የግል ቤተ ሙከራ ያየው ነገር ነው። በቀላል እንቅልፍ ላይ ለነበሩ ሰዎች ትንሽ ድምፅ ሲያሰማ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ትልቅ፣ ብቸኛ ሞገድ ተነሥቶ ይወርዳል። ሰውዬው ግን አይነቃም። ይህ ሞገድ ዛሬም «ኬ ኮምፕሌክስ» ይባላል። የተኛው አንጎል «ሰምቻለሁ» ያለበት የመጀመሪያው ማስረጃ እርሱ ነው።

ይህ ሞገድ ሁለት ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲድኒ ካሽና ባልደረቦቹ ለሕክምና ሲባል በአንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ በተተከለላቸው ሕሙማን ላይ እንዳሳዩት፣ በኬ ኮምፕሌክስ ወቅት የነርቭ ሕዋሳት ለአፍታ ዝም ይላሉ። ድምፁ ይሰማል፤ ከዚያ አንጎል ራሱን ጸጥ ያሰኛል። እናት ልጇ ሲባንን በእጇ መታ መታ አድርጋ መልሳ እንደምታስተኛው ያለ ነገር ነው። መስማትና አለመንቃት በአንድ ሞገድ ውስጥ ይገኛሉ።

ስም ሲጠራ

እ.ኤ.አ. በ1960 ኢያን ኦስዋልድ፣ አን ቴይለርና ሚሼል ትራይስማን ለተኙ ሰዎች በቴፕ የተቀረጹ ብዙ ስሞችን አሰሙ። ከስሞቹ መካከል የሰውዬው የራሱ ስም ይገኝበታል። ድምፁና ጉልበቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ የተኛው አንጎል ከሌሎች ስሞች ይልቅ ለራሱ ስም በርትቶ መለሰ። በ1999 ፋቢየን ፔራንና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ተመሳሳይ ነገር በተሻለ መሣሪያ አረጋገጡ፤ ልዩነቱ በቀላል እንቅልፍም፣ ሕልም በሚበዛበት እንቅልፍም ታየ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። አንጎል አንድን ስም ከሌላው ለመለየት ድምፁን መስማት ብቻ አይበቃውም፤ የድምፁን ቅደም ተከተል መተንተን፣ ከትውስታው ጋር ማመሳከር፣ «ይህ እኔን ይመለከታል» ብሎ መፍረድ አለበት። ይህን ሁሉ ባለቤቱ ሳያውቅ ይሠራል። እናቴ የልጇን ንጭንጭታ ከጅብ ጩኸት የምትለየው በዚህ መንገድ ነው። በ1967 በእንግሊዝ አገር በወሊድ ክፍል የተደረገ ምልከታ እንዳሳየውም፣ በአንድ ክፍል አብረው የተኙ አራሶች ጥቂት ሌሊቶች ካለፉ በኋላ በአብዛኛው የሚነቁት የራሳቸው ልጅ ሲያለቅስ ነበር። አባቴ ደግሞ መቀርቀሪያውን የሚሰማው ቤቱን የመጠበቅ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ስለ ነበር ይመስለኛል። አንጎል ከመተኛቱ በፊት የተሰጠውን አደራ ይዞ ይተኛል።

ከስም ያለፈስ ነገር ይገባዋልን? እ.ኤ.አ. በ2014 ሲድ ኩዊደር፣ ቶማ አንድሪዮንና ባልደረቦቻቸው በፓሪስ አንድ ብልህ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በጨለማ ተጋድመው ቃላት ይሰማሉ፤ ቃሉ የእንስሳ ስም ከሆነ በአንድ እጃቸው፣ የዕቃ ስም ከሆነ በሌላው እጃቸው ቁልፍ ይጫናሉ። ሥራው አሰልቺ ነውና እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ቃላቱ ግን አልተቋረጡም፤ ከዚያ በፊት ያልሰሟቸው አዳዲስ ቃላት ይቀጥላሉ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። በአንጎላቸው ውስጥ ግን ትክክለኛውን እጅ የሚያዝዘው ክፍል ይዘጋጅ ነበር። ሲነቁ ከእነዚያ ቃላት አንዱንም አላስታወሱም።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። «እንግዲያውስ ትምህርቱን በስልኬ ቀርጬ ተኝቼ ልስማው» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። በ1956 ቻርልስ ሳይመንና ዊልያም ኤመንስ የአንጎል ሞገድ እየተከታተሉ ይህንኑ ሞክረው ነበር፤ በእውነተኛ እንቅልፍ ውስጥ የተነበበላቸውን ነገር ሰዎቹ ጠዋት አላስታወሱም። የሚቻለው ሌላ ነው፤ ነቅቶ የተጠናን ነገር በእንቅልፍ ማጽናት። በ2007 ቢዮርን ራሽና የያን ቦርን ቡድን በጀርመን አገር የጽጌረዳ ሽታ እየሸተታቸው ያጠኑ ሰዎች በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ያው ሽታ ሲቀርብላቸው፣ ያጠኑትን የሥዕሎች ቦታ በተሻለ እንዳስታወሱ አሳዩ። እንቅልፍ መምህር አይደለም፤ ያስተማሩትን የሚከልስ ረዳት መምህር ነው።

እንዝርቱና በር ጠባቂው

አንጎል ሁሉን እየሰማ የማይነቃው እንዴት ነው? ከጆሮ የተነሣ መልእክት ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል ማዕከል ያልፋል። በቀላል እንቅልፍ ጊዜ ከታላመስ እየተነሣ በሰከንድ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ የሚርገበገብ አጭር የሞገድ ጥቅል ይታያል። መካከሉ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን ስለ ሆነ እንዝርት ተብሏል። በሽሮ ሜዳ ላደገ ሰው ይህን ስም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጥጥ የምትፈትል ሴት እንዝርቷ ፈትል ሲሞላ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚይዝ ሁላችንም አይተናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ቲየን ዳንግ ቩ፣ ጄፍሪ ኤለንቦገንና ባልደረቦቻቸው በጸጥታ ሌሊት የሰዎችን እንዝርት ቆጠሩ፤ በሚቀጥሉት ሌሊቶች የስልክ ጥሪ፣ የተሽከርካሪና የመሳሰለውን ጫጫታ አሰሟቸው። እንዝርታቸው የበዛ ሰዎች ጫጫታውን የበለጠ ተቋቋሙት። «እርሱ ቦምብ ቢፈነዳም አይነቃ» የምንለው ሰው፣ «እርሷ ኮሽታ አያስተኛትም» የምንላትም ሴት፣ ልዩነታቸው በከፊል እዚህ ነው። ስንፍናም ንቃተ ህሊናም የምንለው አንዳንዱ ነገር የእንዝርት ቁጥር ሆኖ ይገኛል።

በ2017 ደግሞ ከስዊዘርላንድ የአኒታ ሉቲ ቡድን እንዝርቶች በእኩል ርቀት እንደማይመጡ አሳየ። በአይጥም በሰውም፣ ሃያ አምስት ሰከንድ ያህል ይበዛሉ፤ ቀጥሎ ሃያ አምስት ሰከንድ ያህል ይሳሳሉ። ሲበዙ እንቅልፉ ጽኑ ነው፤ ሲሳሱ ተኝው በቀላሉ ይነቃል። ጥሩ ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ አይቆምም፤ ዳስ ገብቶ ይሞቃል፤ ተመልሶ ወጥቶ ግቢውን ይዞራል። የተኛው አንጎልም በየደቂቃው ውጣ ግባ ይላል።

በሩን ያለፈው መልእክትስ ምን ይሆናል? በ2005 ማርቼሎ ማሲሚኒና ጁሊዮ ቶኖኒ የአንጎልን አንድ ቦታ በመግነጢስ ግፊት ሲነኩት፣ ነቅቶ በነበረ ሰው ግፊቱ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ ብዙ ቦታ ይደርሳል። በጥልቅ እንቅልፍ ላይ በነበረ ሰው ግን በተነካበት ቦታ ተነሥቶ እዚያው ይጠፋል። በ2022 የዩቫል ኒር ቡድን በቴል አቪቭ በአንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ ባላቸው ሕሙማን ላይ ይህን አጠናከረ፤ የመስማት ክፍል ሕዋሳት በእንቅልፍም ሳሉ ለድምፅ የሚሰጡት ምላሽ ከንቃቱ ብዙም የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ ከላይኛው ክፍል ተመልሶ መውረድ ያለበት ምልክት ግን ደክሞ ተገኘ። ደብዳቤው በደጅ አይቀርም፤ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ይደርሳል። የማይሰበሰበው ጉባኤው ነው።

ሽመናው ሲሠራ የሚተኛ፣ ሽመናው ሲቆም የሚነቃ ልጅ እንደ ነበርሁ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ይህ ምስክርነት በሳይንስ ዘንድ አከራካሪ ነው። አንዳንዶች አንጎል በእንቅልፍም የድምፅን ሥርዓት እየተከታተለ ሲዛባ ይመልሳል ይላሉ። በ2015 የሜላኒ ስትራውስና የስታኒስላስ ደሃን ቡድን ግን የተኛ አንጎል ለተደጋገመ ድምፅ ይለምዳል፣ ለአዲሱም ይመልሳል፣ «ቀጥሎ ይህ ይመጣል» ብሎ መጠበቁን ግን ያጣል ብሎ ጽፏል። የእናቴን ምስክርነት አልጥልም፤ ምናልባት የነቃሁት ከሽመናው መቆም ቀጥሎ በሚሰማው የሰዎቹ ወሬ ይሆናል።

በሰው ቤት ማደር

ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ በመኝታ ክፍል የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደራችሁ ተማሪዎች፣ ያቺን ሌሊት እንደምን እንደ ተኛችሁ ታስታውሳላችሁ። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራቸው የሚተኛን ሰው የመጀመሪያ ሌሊት መዝገብ ብዙ ጊዜ አይቆጥሩትም ነበር፤ እንቅልፉ ሁልጊዜ የተረበሸ ነውና። በ2016 ማሳኮ ታማኪ፣ ዩካ ሳሳኪና ባልደረቦቻቸው የተጣለውን መዝገብ አንሥተው መረመሩት። በመጀመሪያው ሌሊት የግራው የአንጎል ክፍል ከቀኙ ይልቅ ቀለል ብሎ ይተኛል፤ እንግዳ ድምፅ ሲሰማም ቶሎ ይመልሳል። በኋለኛው ጊዜ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

ዶልፊን በግማሽ አንጎሉ እንደሚተኛ የታወቀ ነው። ዳክዬዎችም ተሰልፈው ሲተኙ በሰልፉ ጫፍ ያለችው አንድ ዓይኗን ወደ ውጭ ከፍታ በግማሽ አንጎሏ እንደምታንቀላፋ ኒልስ ራተንቦርግ በ1999 አሳትሟል። የእኛ ልዩነት ከእነርሱ በጣም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም «አንድ ጆሮውን ከፍቶ ይተኛል» የሚለው የሰው አነጋገር ከእውነት የራቀ አይደለም። በሰው ቤት ያደረ እንግዳ ጠዋት «እንቅልፍ አልወሰደኝም» ቢላችሁ በመስተንግዶው አላማረረም፤ አንጎሉ ዘብ አድሮ ነው።

የጥበቃው ዋጋ

ዘብ ማደር ደግሞ ደመወዝ ይጠይቃል። ጫጫታ ባለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ከጊዜ በኋላ «ለምጄዋለሁ» ይላል። እውነት ነው፤ የመንቃቱ ብዛት ይቀንሳል። የልብ ምቱ ግን እንደ እርሱ አይለምድም። መኪና ባለፈ፣ ድምፅ ማጉያ በጮኸ ቁጥር ተኝው ሳይነቃ ልቡ ለአፍታ ይፈጥናል፤ የደም ሥሮቹም ይጠባሉ። ሰውዬው ጠዋት «ደህና አደርሁ» ቢልም ሰውነቱ ሌሊቱን ሲነሣና ሲወድቅ አድሯል። በሌሊት ጫጫታና በደም ግፊት፣ በልብ ሕመምም መካከል ያለው ዝምድና የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የሌሊት ድምፅ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ሲለካ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ መክሯል። በእኛም አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ደረጃም በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ድምፁ ከመዝናኛ ቤት ይውጣ፣ ከአምልኮ ስፍራ፣ ከጋራዥ ወይም ከጡሩምባ፣ ለተኛ ልብ ልዩነት የለውም። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ «ለምደነዋል» የሚለው መልስ በቂ እንዳልሆነ ለማሳሰብ ነው።

አፍንጫ

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እመለሳለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት በአብዛኛው ስለ ጆሮ ነው። ሽታ ሌላ መንገድ አለው። የሽታ ነርቭ እንደ ሌሎቹ መጀመሪያ በታላመስ በኩል አያልፍም፤ በቀጥታ ወደ ቀዳሚው የሽታ ክፍል ይገባል። በዚህ ምክንያት ሽታ ይበልጥ ይቀሰቅሳል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሜሪ ካርስካደንና ሬቸል ኸርዝ ለተኙ ወጣቶች ደስ የሚል የፔፐርሚንት ሽታና ፒሪዲን የተባለ የሚከረፋ ኬሚካል አቀረቡ። በሽልብታ ደረጃ ሁለቱንም ለዩ። በጥልቅ እንቅልፍና ሕልም በሚበዛበት እንቅልፍ ግን ፔፐርሚንቱ ማንንም አልቀሰቀሰም፤ የሚከረፋው እንኳ የቀሰቀሰው ከግማሽ ባነሱት ሙከራዎች ነው። በዚያው ሌሊት ድምፅ ሲሰሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነቅተዋል።

አፍንጫ ፈጽሞ ሞቷል ማለትም አይደለም። በ2012 አናት አርዚና ኖአም ሶበል እንዳሳዩት ተኝው ደስ የሚል ሽታ ሲመጣ ጥልቅ አድርጎ ይስባል፤ መጥፎ ሲመጣ ትንፋሹን ያሳጥራል፤ ግን አይነቃም። ስለዚህ «ጭስ ቢኖር ይሸተኝና እነቃለሁ» ብሎ የሚተኛ ሰው በማይነቃ ዘበኛ ተማምኗል።

የወንድማማቾቹ ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የጋመ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። «ጭሱን ጨርሷል» ማለታቸው ትክክል ነበር፤ የጭሱ ማለቅ ግን የመርዙ ማለቅ አይደለም። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ደሙ እየተዘዋወረ ነው፤ ጭነቱ ግን ኦክስጅን አይደለም።

በአፍንጫ ባይሆን፣ ሰውነት መታፈኑን በሌላ መንገድ አያውቅምን? ያውቃል፤ ለሌላ ዓይነት መታፈን። ትራስ ፊቱን የሸፈነው ሰው፣ በማንኮራፋት መካከል ትንፋሹ የተቋረጠበትም ሰው፣ በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም በአንጎል ግንዱ ያሉ ሕዋሳት ይቀሰቅሱታል። በአንገት በኩል ያሉ መለኪያዎችም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ሲያንስ ያስጠነቅቃሉ። በከሰል ፍም የተመረዘ ሰው ግን መተንፈሱ አልተቋረጠም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየወጣለት ነው፤ የሟሟው ኦክስጅንም ብዙ አልቀነሰም። የቀነሰው በሄሞግሎቢን ላይ የተጫነው ነው፤ እርሱን የሚለካ ዘበኛ ደግሞ አልተፈጠረልንም። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩና ማቅለሽለሹ ነቅቶ ያለን ሰው ያስጠነቅቁታል። የተኛውን ግን እንቅልፉ ሳይቋረጥ ወደ ጥልቅ ሰመመን ያሻግሩታል። እኔ በዚያ ጠዋት ስማቸውን ስጠራ የጠራሁት የተኙ ሰዎችን አልነበረም።

እንግዲህ ለአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አንጎላቸው ዘበኛ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። ዘበኛው የቆመው ኮሽታ በሚመጣበት በር ነው፤ ስም በሚጠራበት፣ አውሬ በሚመጣበት፣ ሕፃን በሚያለቅስበት በር። ይህ ሞት የመጣው በር በሌለበት በኩል ነው። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይባላል። እነርሱ አውቀው አልተኙም፤ ያላወቅነው እኛ ነበርን።

ስለዚህ ዘበኛ የሌለበትን በር ነቅተን ሳለን እንዝጋው። የእንጦጦ ብርድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ማንደጃ ሳይተኙ በፊት ከቤት መውጣት አለበት፤ ፍሙ በአመድ ቢዳፈንም፣ ጭስ ባይታይበትም። ከሰል እየነደደ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው «ቡና አምሮኝ ይሆናል» ብሎ ሳይጋደም ወደ ውጭ ይውጣ። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጥርጣሬው ይበርታ። ተመርዞ የተገኘን ሰው ፈጥኖ ወደ አየር ማውጣት፣ ቀጥሎም ኦክስጅን ወደሚገኝበት የጤና ተቋም ማድረስ ነው። በአየር ብቻ መርዙ ከደም እኩሌታው እስኪወጣ ሰዓታት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ግን ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። አቅም ያለው ሰው ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚለካ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይግዛ፤ መሣሪያው የሚሠራው የማይሸተውን ወደ ድምፅ በመለወጥ ነው። ድምፅ ደግሞ፣ እንዳየነው፣ የተኛ አንጎል የሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ለተማሪዎቼ

እስካሁን የጠቀስኋቸው ጥናቶች በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የተሠሩ ናቸው። በእኛ ቋንቋ የሚጠየቅ ጥያቄ ግን አለ። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለያል፤ ሲጠብቅ በዓሉ የሆነው «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ይሆናል። የተኛ አማርኛ ተናጋሪ አንጎል እነዚህን ሁለቱን ይለያቸዋልን? ሰው በቤት ስሙ ሲጠራና በመዝገብ ስሙ ሲጠራ ምላሹ እኩል ነውን? የአራስ ቤት እናት፣ ተረኛ ነርስና የሌሊት ዘበኛ በእንቅልፋቸው ምን ይሰማሉ? ለዚህ የሚያስፈልገው የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ በከተማችን ሆስፒታሎች አለ። የጎደለው ሌሊቱን ከመሣሪያው ጋር የሚያድር ወጣት ተመራማሪ ነው።

እናቴ በሽምግልናዋ ጆሮዋ ደክሞ ነበር። ቀን ላይ ጮኸን ካልተናገርን አትሰማንም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አጠገቧ እያደርሁ ሳስታምማት ሌሊት ላይ ሳልነቃ ብዙ ደወልና ብዙ የመኪና ድምፅ አልፎኛል። እርሷ ቀስ ብላ በቤት ስሜ ስትጠራኝ ግን አንድም ቀን ሳልሰማት አልቀረሁም። ከእርሷ ወደ እኔ የተላለፈው አደራ በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚቀመጥ ብትጠይቁኝ በከፊል ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ቀሪውን እናንተ ፈልጉት።

ደህና እደሩ። ማንደጃውንም አውጡ።